የቶርኖ ጌጥና የመሐንዲስ ማስተዋል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ እጅ ሥራና ስለ ምሕንድስና ግንኙነት እንድናገር የዝግጅቱ ኮሚቴ በጋበዘኝ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች ወይም ስለ አዳዲስ ማሽኖች የማወራ የመሰላችሁ ጥቂቶች አትሆኑም። የመረጥሁት ርእስ ግን በመዳፍ የሚያዝ ያህል ትንሽ ነው። ይኸውም በቶርኖ ላይ ከእንጨት ጌጥ ማውጣት ነው፤ የመቁጠሪያ ዶቃ፣ የሻማ መቅረዝ፣ የመጋረጃ ዘንግ ጉልላት፣ ክዳን ያለው ትንሽ ሙዳይ። ግድብ የሚገድቡ፣ መንገድ የሚቀይሱ፣ ድልድይ የሚያቆሙ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ስለ ዶቃ መናገር እንደ ቀልድ ሊቈጠር ይችላል። ሆኖም ስለ ዶቃው የምናገረው ሁሉ ድልድዩንም የሚነካ መሆኑን በማስረዳት ለመጨረስ አስቤአለሁ።

ሙያችን መልሱ የሚዘገይበት ሙያ ነው። ዛሬ በወረቀት ላይ የምናሰምረው መስመር ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚነግረን ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ክረምት ነው። የመሠረቱ መስጠም፣ የብረቱ መዛግ፣ የግድግዳው መሰንጠቅ የሚታየው ሥዕሉን የሠራው መሐንዲስ ወደ ሌላ ሥራ ከተዛወረ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። መልሱ በሚዘገይበት ሥራ ውስጥ ደግሞ ማስተዋል ሳይታወቅ ይላላል። ፈተናው ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚታረምለት ተማሪ እንዴት አድርጎ እንደሚያጠና መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ የቶርኖ ጥቅም ከዚህ ላይ ይጀምራል። ቶርኖ መልሱን በዐይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ የሚሰጥ መምህር ነው።

በመጋዝ፣ በመላጊያና በመዶሻ በምንመታው መሮ ስንሠራ እንጨቱ ይቆማል፣ ስለቱ ይሄዳል። በቶርኖ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስለቱ በመደገፊያው ላይ ይቀመጣል፣ እንጨቱ እየዞረ ወደ ስለቱ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ እጅ በአንድ ነጥብ ላይ ያደረገችው ሁሉ ወዲያውኑ በዙሪያው ሁሉ ይታተማል። ደኅና ቢሆን ደኅናው፣ መጥፎ ቢሆን መጥፎው ክብ ሆኖ ይወጣል። የሚደበቅበት ጎን የለም።

መሣሪያው ጥንታዊ ነው። በግብጽ አገር፣ ቱና ኤል ጀበል በሚባለው ስፍራ፣ በካህኑ በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ሥዕል ይገኛል። ሁለት ሠራተኞች ይታዩበታል፤ አንደኛው በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ወዲህና ወዲያ ይስባል፣ ሁለተኛው ስለቱን ይዞ ይቀርጻል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ዘዴ ተስፋፋ። ከሠራተኛው ራስ በላይ የሚለጠጥ ዘንግ፣ ከእግሩ ሥር መርገጫ፣ በሁለቱ መካከል በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ነበር። መርገጫውን ሲረግጥ እንጨቱ ወደ እርሱ ይዞራል፤ ሲለቅ ዘንጉ ገመዱን መልሶ ይስበዋል። ስለቱ የሚቈርጠው በሚረገጥበት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ሥራው እንደ እስትንፋስ ነበር፤ አንድ ጊዜ መቍረጥ፣ አንድ ጊዜ ማረፍ።

በአገራችን የእንጨት ዕቃ ይበልጡን በመጥረቢያና በመሮ ሲፈለፈል የኖረ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ክብነቱ የማሽን ቢመስልም የዐይንና የእጅ ልክ ነው። የሚዞር መሣሪያ ግን ለእናቶቻችን እንግዳ አልነበረም። እንዝርት በሚሽከረከርበት ጊዜ ፈታይዋ የድሩን ቅጥነት የምታውቀው በዐይኗ ሳይሆን በጣቶቿ ጫፍ ነው፤ ትንሽ ብትዘናጋ ይበጠስባታል። ከቶርኖ ላይ የሚገኘው ትምህርት በመሠረቱ ከዚሁ ዓይነት ነው።

ቶርኖ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከቺንጋ፣ ከካቻቢቴና ከሰጋቱራ ጋር አብሮ ወደ ሥራ ቤቶቻችን ገብቶ የእኛው ቃል ሆኗል። ዛሬ ቶርኖ ቤት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበን ብረት የሚቀረጽበት ነው። በብረት ቶርኖ ላይ ስለቱን የሚይዘው በመዘውር የሚንቀሳቀስ ሠረገላ ነው። በእንጨት ቶርኖ ላይ ግን ስለቱን የሚይዘው ሰው ራሱ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የንግግሬ ዋና ነገር በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

ሠረገላው ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ ታሪኩ ወደ ጌጥ ይመልሰናል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የሳክሶኒ ገዥ የነበረው አውጉስት የዝሆን ጥርስ በቶርኖ መቅረጽን ይወድ ነበር። ፈረንሳዊው መነኵሴና የዕፀዋት ተመራማሪ ሻርል ፕሉሚዬ እ.ኤ.አ. በ1701 በሊዮን ከተማ ስለ ቶርኖ ጥበብ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ በቤተ መንግሥቱ የቶርኖ ሥራ ቤት ነበረው፤ በራሱ እጅም ይሠራ ነበር። በዚያ ሥራ ቤት ያገለገለው አንድሬ ናርቶቭ፣ እ.ኤ.አ. ከ1693 እስከ 1756 የኖረው መካኒክ፣ ጌጣጌጥ የሚገለብጡ ማሽኖችን ሲሠራ ስለቱን ከሰው እጅ ወስዶ ለብረት መያዣ ሰጠው። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ሞድስሌይ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ብሎንን በትክክል የሚቈርጠውን ከብረት የተሠራ ቶርኖውን ባቆመ ጊዜ፣ ያ ሐሳብ ወደ ኢንዱስትሪ ገባ። ስለዚህ እኛ የምንኮራባቸው የማምረቻ ማሽኖች ከቅድመ አያቶቻቸው መካከል የጌጥ መሥሪያ ቶርኖን ይቈጥራሉ። ጌጥ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ መሐንዲስ የሙያውን የዘር ሐረግ አያውቅም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንቅረብ። አንድ የመቁጠሪያ ዶቃ ከወይራ እንጨት ለማውጣት ብንነሣ ምን ይሆናል? በመጀመሪያ ጎኑ 30 ሚሊሜትር የሆነ ባለ አራት ማእዘን እንጨት ይዘጋጃል። በሁለቱም ጫፍ ከማእዘን ወደ ማእዘን ሁለት መስመር ይሰመርና የተቋረጡበት ነጥብ ማእከል ይሆናል። እንጨቱ በሁለቱ የቶርኖ ራሶች መካከል ይታሰራል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት እንጨቱ በእጅ አንድ ዙር እንዲዞር ይደረጋል፤ መደገፊያውን የሚነካ ማእዘን ካለ በዚህ ጊዜ ይታወቃል። ነጠላና ሻርፕ፣ ክራባትና ሰፊ እጅጌ ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። ፊት በመከላከያ ይሸፈናል። አፍንጫም እንዲሁ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨትን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ተራ መድቦታልና።

ቀጥሎ ስሌቱ ይመጣል። እንጨቱ 30 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር፣ ዳሩ በደቂቃ 188 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ስፋቱ 300 ሚሊሜትር የሆነ ሳህን በዚያው ፍጥነት ቢዞር ዳሩ በሴኮንድ 31 ሜትር ስለሚሄድ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው በሰፋ ቍጥር ዙሩ ይቀንሳል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ነገር ግን በዚያው በአንዱ ሳህን ፊት ላይ ዳሩ ሲበርር ማእከሉ ከቆመ የማይሻል መሆኑን በቀመር ማወቅና፣ ስለቱ ከዳር ወደ ማእከል ሲጓዝ እጅ ግፊቷን እንዴት እያለዘበች መሄድ እንዳለባት በጣት ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። ፊተኛውን መጽሐፍ ይሰጣል። ኋለኛውን የሚሰጥ ሥራው ብቻ ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው የተባለው ስለዚህ ነው።

ስለቱ መሳል አለበት። ጀማሪ ስለት ሲደነዝዝ ኀይል ይጨምራል፤ ባለሙያ ግን ሥራውን አቁሞ ወደ መሳያው ድንጋይ ይመለሳል። የደነዘዘ ስለት የእንጨቱን ጅማት ይቦጭቃል፣ የተሳለ ይቈርጣል። የሁለቱ ልዩነት በመጀመሪያ በጆሮ፣ ቀጥሎ በእጅ፣ በመጨረሻም በዐይን ይታወቃል። ስለታሙ መሮ ሲቈርጥ ሐር እንደሚቀደድ ያለ ለስላሳ ድምፅ ያሰማል፣ ፍቅፋቂውም ረዥም ሪባን ሆኖ ይወጣል። የደነዘዘው ያጕረመርማል፣ የሚወጣውም ዱቄት ነው። ከሰጋቱራው መልክ ብቻ የመሮውን ሁኔታ የሚናገር ሰው ታገኛላችሁ። ይህ ምትሃት አይደለም፤ ብዙ ሰዓት ሙሉ ልብ ከተሰጠው ነገር የሚገኝ ዕውቀት ነው።

ዶቃው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። የመሮው ስለት ከጉብታው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሸለቆው ይንከባለላል፤ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ። ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ መውረድ አለበት፤ ምክንያቱም በዚያ አቅጣጫ የሚቈረጠውን ጅማት ከሥሩ ያለው ጅማት ይደግፈዋል። ሽቅብ ከተሄደ ጅማቱ ደጋፊ አጥቶ ይሰነጠቃል። ስለቱ በጀርባው እንጨቱን ተደግፎ መሄድ አለበት። ከዚያ መደገፊያው ለቅጽበት ቢለይ እንጨቱ ስለቱን ይነጥቃል፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የተደከመበት ዶቃ ላይ ጠመዝማዛ ጭረት ይቀራል። ሰውየው ቀና ብሎ፣ «ምን አስቤ ነበር?» ቢል መልሱን ያገኘዋል። ሐሳቡ ከሥራው ወጥቶ ነበር። ለመውጣቱም ምስክሩ ከፊቱ እየዞረ ነው።

ልብን መሰብሰብ ማለት ይህ ነው። በጽሞና መኖርን የመረጡ አባቶች ስለ ልብ መባዘን ብዙ ያስተማሩበት አገር ውስጥ ነን፤ ከእነርሱ ጋር ልወዳደር አልሞክርም። የማነሣው የአንድን ሥራ ቤት ልምድ ብቻ ነው። አንዳንዶች የልብ ዕረፍት ማለት ሐሳብን ባዶ ማድረግ ይመስላቸዋል። በቶርኖ ፊት ግን ሐሳብ ባዶ አይሆንም፤ በአንድ ነገር ይሞላል እንጂ። ጆሮ ድምፁን፣ እጅ ንዝረቱን፣ ዐይን የላይኛውን ጠርዝ፣ እግር የሰውነትን ሚዛን ይከታተላሉ። ለትናንት ቅያሜና ለነገ ስጋት የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ያ ሰው ከሥራው ሲነሣ ያረፈ የሚሆነው ምንም ስላልሠራ አይደለም፣ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ታዲያ ለምን ጌጥ ሆነ? የወንበር እግር ወይም የመዶሻ እጀታ ይህን አያስተምርምን? ያስተምራል። ነገር ግን በጠቃሚ ዕቃ ላይ ጥፋት የሚጠለልበት ቦታ አለ። የወንበር እግር አንድ ሚሊሜትር ቢወፍር ወንበሩ ያው ይቆማል። እኛም በስሌታችን ላይ ለደኅንነት ሲባል የምንጨምረው መጠን አለን፤ መጨመሩ ተገቢና ግዴታ ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ያላስተዋልነውንም ነገር ይሸፍንልናል። ጌጥ እንዲህ ያለ መጠለያ የለውም። የሚሸከመው ክብደት የለም፤ ሥራው ትክክል ሆኖ መታየት ብቻ ነው። በኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ የታወቀውን ባለ 41 መቁጠሪያ ወይም በሙስሊሞች ዘንድ የታወቀውን ባለ 99 ሙስበሃ አስቡ። አንዱ ዶቃ ከጎረቤቱ በግማሽ ሚሊሜትር ቢበልጥ ካሊፐር አያስፈልግም፤ በጨለማ የሚቈጥሩ አሮጊት እናት በጣታቸው ያውቁታል። አርባኛው ዶቃ ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንዲሆን ሠሪው በአርባኛው ላይ እንደ መጀመሪያው መንቃት አለበት። መሰልቸት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በሥራችንም ከባዱ የመጀመሪያውን የብረት ማሰሪያ መመርመር አይደለም፤ በከሰዓት በኋላ ፀሐይ አርባኛውን እንደ መጀመሪያው መመርመር ነው።

ቶርኖ ሁለተኛ ትምህርት አለው፤ እርሱም ዕቃ የራሱ ሕግ ያለው መሆኑ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኰማተርም። በጅማቱ ርዝመት የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ነው። የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኰማተረው ግን ከማእከል ወደ ዳር ከሚኰማተረው በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከእርጥብ እንጨት ፍጹም ክብ ሆኖ የወጣ ባለ 200 ሚሊሜትር ሳህን ሲደርቅ በአንዱ አቅጣጫ መጠኑን እንደ ያዘ ሲቆይ፣ በሌላው አቅጣጫ 10 ሚሊሜትር ያህል ሊጠብብና ሞላላ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያ የሳህኑን ግድግዳ የስፋቱን ዐሥረኛ ያህል አወፍሮ፣ ማለትም 20 ሚሊሜትር አድርጎ ያወጣዋል። ወራት ያህል ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። እንጨቱ የሚሄድበትን ከሄደ በኋላ እንደ ገና አስሮ ይጨርሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ያልጠበቀ ሳህኑን ተሰንጥቆ ያገኘዋል። በሥዕላችን ላይ ያለው መስመር አይደርቅም፣ አይኰማተርም፣ አይደክምም። መስመሩ የሚወክለው እንጨትና ኮንክሪት ግን ይደርቃል፣ ይኰማተራል፣ ይደክማል። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የያዘ መሐንዲስ መስመሩንና ዕቃውን አንድ አድርጎ አይመለከትም።

ስለ እንጨቱ አንድ ቃል ልጨምር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቍረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለጌጥ ተብሎ ዛፍ መጣል አይገባም። ደግነቱ ጌጥ የሚፈልገው ቍራጭ ነው። ከአናጢ ቤት ወለል ላይ ለማገዶ የሚጠረገው የዋንዛ ቍራጭ፣ ከተገረዘ ወይራ የቀረው ጉማጅ፣ የአሮጌ አልጋ እግር ለዓመት ሥራ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀውን የቶርኖ ሥራ ግን ገና አልነገርኋችሁም። በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ፣ ከቼክ ጠረፍ አጠገብ በሚገኘው ተራራማ አገር ሳይፈን የምትባል መንደር አለች። ሕዝቧ ቆርቆሮ የሚባለውን ማዕድን በመቈፈር ይኖር ነበር። ማዕድኑ እየሳሳ ሲሄድ እጁን ወደ እንጨት መለሰ። ቀድሞ ማዕድን የሚወቅጠውን የወንዝ ውኃ ቶርኖ እንዲያዞር አደረገው። የማዕድን ሥራው እ.ኤ.አ. በ1849 ቢቆምም መንደሯ በገና ጌጥና በእንጨት አሻንጉሊት ስሟ እስከ ዛሬ ይጠራል።

የሳይፈን ባለሙያዎች ከ1800 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የቀለበት ቶርኖ የሚባል ዘዴ አላቸው። ከጥድ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ግንድ ላይ ክብ ቍራጭ ተቈርጦ እንደ ረጠበ በቶርኖ ላይ ይታሰራል። ባለሙያው በአንደኛው ፊት ጎድጓዳና ጉብታ እያደረገ ይቀርጻል፤ ከዚያ ይገለብጠውና በሁለተኛው ፊት እንደዚሁ ያደርጋል። ሲጨርስ በእጁ የሚቀረው ቀለበት ነው። ለሚያየው ሰው ትርጕም የሌለው፣ ወጣ ገባ የሆነ ቀለበት። ከዚያ ቢላዋ በቀለበቱ ላይ ተደግፎ በመዶሻ ይመታል፤ ቀለበቱ እንደ ዳቦ ቍራሽ ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀው ፊት ላይ ላም ትታያለች። ወይም ፈረስ፣ ወይም ዝሆን። ቀጥሎ ያለው ቍራሽ ሌላ ላም ነው፤ ከአንድ ቀለበት ብዙ ላም ይወጣል። ጆሮና ጅራት ተጨምሮለት፣ በቢላዋ ተስተካክሎ፣ ቀለም ይቀባል።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ይህን በጥሞና ተመልከቱት። ያ ባለሙያ በሚቀርጽበት ጊዜ ላሟን አያያትም። የሚያየው የሚዞር ቀለበት ነው። ላሟ በእንጨቱ ውስጥ፣ በመስቀለኛ ቅርጹ ላይ ተሰውራለች። የአንገቷ ጕብጠት፣ የሆዷ ክብነት፣ የእግሮቿ መለያየት ሁሉ በሠሪው ልብና በእጁ ልምድ ውስጥ ብቻ ይገኛል። ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ቢላዋው ከወረደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ማረም የለም።

ይህ የእኛ ሙያ ምሳሌ አይደለምን? እኛም የምንሠራውን አናየውም። የምናየው መስመርና ቍጥር ነው። ሸክሙ፣ ውኃው፣ ጊዜው ቢላዋውን ሲያሳርፍበት የሠራነው ነገር መስቀለኛ ቅርጹን ያሳያል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሳይፈኑ ባለሙያ የተሰወረውን ከመሥራቱ በፊት መልሱን ወዲያው በሚሰጥ ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፏል። ሺህ ጊዜ ስቶ፣ ሺህ ጊዜ ሰምቶ፣ ማስተዋሉ ሥጋ ለብሷል። እኛ ግን ብዙዎቻችን በቀጥታ ወደ ተሰወረው እንገባለን። ተማሪው ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ምሰሶ ያቆማል፣ ያዞረዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፤ ኮንክሪት በእጁ ሳይነካ፣ ብረት ሲጎብጥ ሳይሰማ ይመረቃል። ኮምፒውተሩን አልነቅፍም፤ ሁለት መቶ ተመሳሳይ የደረጃ ምሰሶ ቢታዘዝ በኮምፒውተር የሚመራው ቶርኖ ከማናችንም ይልቅ በፍጥነትና በልክ ይሠራዋል፣ ይሥራም። የምለው ይህ ማሽን የሚሰጠን ዕቃውን እንጂ ማስተዋሉን አይደለም ነው። ማስተዋልን ከሱቅ ገዝቶ የሚያመጣልን የለም።

ሌላም እንቅፋት አለብን፤ እርሱም የቈየ ነው። በአገራችን የእጅ ባለሙያ ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል። ብረት የቀጠቀጠው፣ ሸማ የሠራው፣ ሸክላ ያበጀው፣ ቈዳ የፋቀው ሁሉ በሠራው ዕቃ እየተገለገሉበት ስሙን ያጠፉት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ዛሬ ያን ስድብ አንናገረውም። ነገር ግን መሐንዲሱ ሥዕሉን በተላላኪ ልኮ፣ ቶርኖ ቤቱን አንድ ቀን ሳይረግጥ፣ ዕቃው ሳይሆንለት ሲቀር «ሠራተኛው አበላሸው» ሲል ስንሰማ፣ አዋጁ ከአንደበታችን እንጂ ከልባችን እንዳልደረሰ እንረዳለን። የቶርኖ ባለሙያው «ጌታዬ፣ ይህ ማእዘን እንዲህ ስል ከሆነ ይሰነጠቃል» ሲል የሚናገረው ብረቱ ወይም እንጨቱ የነገረውን ነው። ያንን ቃል የሚሰማ መሐንዲስ ራሱ አንድ ጊዜ ስለቱን ይዞ የሰማ መሐንዲስ ነው።

ስለዚህ ሦስት ትንንሽ ነገሮችን ለማኅበራችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ወጣት አባሎቻችን በየከተማው ካሉ የቶርኖና የእንጨት ሥራ ቤቶች ጋር ተስማምተው፣ እንደ ተቈጣጣሪ ሳይሆን እንደ ደቀ መዝሙር፣ በወር ጥቂት ሰዓት የሚያሳልፉበት መንገድ ይፈለግ፤ ባለሙያውም ለትምህርቱ ዋጋው ይከፈለው። ሁለተኛ፣ በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ከጥናታዊ ጽሑፎች ጎን አንድ ጠረጴዛ ለእጅ ሥራ ይተው፤ አባሎች ያወጡትን ጌጥ ከነጉድለቱ ያስቀምጡበት። ሦስተኛ፣ ማናችንም ሥዕል ወደ ሥራ ቤት ስንልክ የመጀመሪያው ዕቃ ሲቀረጽ በማሽኑ አጠገብ ቆመን እንይ። ይህ የመጨረሻው በጀት አያስፈልገውም።

የዶቃው ሥራ የሚጠናቀቀው በማለስለስ ነው። ከሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ ወደ ለስላሳው ይኬዳል፤ ከዚያ ጥቂት ሰም ይነካል፣ እንጨቱ በሙቀቱ ሰሙን ይጠጣዋል፣ የጅማቱ መልክ ብቅ ይላል። እዚህ ላይ ባለሙያዎች የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ በስለት ያልጠፋ ጥፋት በወረቀት አይጠፋም፣ ይልቁንም እያበራ ይታያል። ሥራችንን በሪፖርትና በቀለም ልናለሰልስ በምንቸኵልበት ጊዜ ሁሉ ይህን እናስታውስ። ለእያንዳንዳችን የምመኘውም በስለቱ ጊዜ መንቃትን ነው።